ሁለት ዓይን ያለው ሽማግሌ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቤተ ልሔም ደብር የቆሎ ተማሪ ሆኜ ድጓ ስማር ቆይቼ ድምፄ ሲጎረንን፣ አጎቴ "እንግዲህ የመንግሥት ትምህርት ይሻልሃል" ብሎ ወደ ወገዳ ከተማ ላከኝ። ጢሜ ማቀምቀም ጀምሮ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል ገባሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ እግሩ ከወንበሩ መሬት አይደርስም። እነሱ በእረፍት ኳስ ሲያባርሩ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ደወሉን እጠብቃለሁ። "አባባ" ይሉኝ ነበር፣ እነዚያ እርጉሞች።

ከትምህርት ስመለስ በተከራየኋት ክፍል ብቻዬን እበላለሁ። ቤተ ልሔም ሳለን ለምነን ያመጣነውን እንኳ አንድ ላይ ነበር የምንበላው። ብቻ መብላትን የለመድሁት ወገዳ ነው። ለመድሁት ማለቴም ውሸት ነው።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ወጣት አሜሪካዊ ከአገሩ የሚላኩለትን የሥዕል መጽሔቶች ያውሰን ነበር። ታሪኩ ከአንዱ ዕትም ወደ ሌላው ይቀጥላል፤ ካባ ለብሶ የሚበር አንድ ጡንቸኛ አለ፤ ልጆቹ ስለ እሱ ሲያወሩ ይውላሉ። ፊደሉን እንጂ ቃሉን የምናውቅ አልነበርንም፤ ስለዚህ እኔ ሥዕል በማውቀው መንገድ አነበብሁት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤ ኃጥእና ሰይጣን ግን ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ነው የሚሳሉ። ያ በራሪ ደግሞ ሁልጊዜ በጎኑ ነው የሚታየው፤ አንድ ዓይን! በዚያ ላይ የሰው ቤት በጣሪያ ሰብሮ ይገባል። ምን ዓይነት ጀግና ነው? እሱ የሚያሳድደው ራሰ በራ ሽማግሌ ግን ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ ረጅም ገበታ ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሾርባውን ይጠጣል፤ በሁለት ዓይኖቹም በቀጥታ እኔን ያያል። ወደድሁት።

መጽሔቱን ከሣህኔ ፊት ለፊት አስደግፌ፣ እሱ ሾርባውን እኔ ሽሮዬን እንበላለን። "ብላ እንጂ፣ ምን ሆነህ ነው?" እለው ነበር። አትሳቁብኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሌላ የማናግረው ሰው አልነበረኝም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል በተዋስሁት ዕትም ሽማግሌው መርከብ ላይ ወጣ። በመጨረሻዋ ሥዕል ባሕሩን እያየ ነው፤ ወደ ጎን ዞሯል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የሚቀጥለውን ተዋስሁ፣ የለም። ከዚያ የሚቀጥለውንም ተዋስሁ። አዲስ ጠላት መጥቷል፣ ልጆቹ ጉድ ይላሉ፤ እኔ ገጹን የማገላብጠው ሽማግሌውን ፍለጋ ነበር።

በመጨረሻ አስተማሪውን "ሽማግሌው መቼ ይመለሳሉ?" ብዬ ጠየቅሁት፤ እንደ ትልቅ አባት በአንቱታ።

ሳቀ። "እሱ እኮ መጥፎ ሰው ነው! ሄደ፤ አይመለስም። ጥሩ ነው!" አለኝ በዚያ በሚኮላተፍ አማርኛው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊቴን አይቶ የቀሩትን መጽሔቶች በሙሉ አንሥቶ ሰጠኝ። አንድ ሳምንት ሳልገልጣቸው አስቀምጬ መለስሁለት። በራሪው ምን እንደ ደረሰበት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።

ከዚያ ከሰል አንሥቼ፣ ስበላ ፊቴን በማዞርበት ግድግዳ ላይ ሽማግሌውን ሳልሁት። ሁለቱንም ዓይኖቹን አደረግሁለት። አከራዬ ባልቴት ነበሩ፤ አንድ ቀን ስበላ እንስራ ሊያስቀምጡ ገብተው አዩት። ነጠላቸውን አስተካክለው አማተቡ፤ ተጠግተውም ግድግዳውን ተሳለሙ። ከንፈራቸውን ከሰል ነካው።

"አንተ ተማሪ፣ እኒህ ጻድቅ ማን ናቸው?"

መጥፎ ሰው ናቸው ልበል? "እዚህ አገር አይታወቁም፣ እማማ" አልኋቸው።

ግድግዳውን እንደገና አዩት። ቀጥለው ሣህኔን አዩ።

"መልአክ የለ፣ ደቀ መዝሙር የለ። ብቻቸውን ናቸው እንዴ?"

"አዎ፣ እማማ፤ ብቻቸውን ናቸው" አልሁ። ወገዳ ከመጣሁ ጀምሮ ያላለቀስሁትን ሁሉ እዚያው ፊታቸው አለቀስሁ።