ማንም ሳይታመምብኝ አሰላ ሄድኩ

ሁሩታ ውስጥ አንድ ሰው ቦርሳ ይዞ አሰላ ከሄደ ወይ ታሟል፣ ወይ የታመመ ሊጠይቅ ነው፣ ወይ ፍርድ ቤት ጠርቶታል። ሌላ ምክንያት የለም። «ልዝናና ነው» ብሎ የሄደ ሰው አላየሁም። ቢኖርም ወንድ ነው፤ ወንድ ደግሞ «ጉዳይ አለኝ» ይላል እንጂ እውነቱን አይናገርም። እኔ ግን ባለፈው ጥቅምት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ጥቁር ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ሰርከስ ለማየት ሄድኩ።

ይኸው ተናገርኩ። ጉድ በል ሁሩታ!

ባሌ ከሞተ ዓመት አልሞላም ነበር። እኛ ጋ ባሏ የሞተባት ሴት ዓመቱ እስኪወጣ ጥቁር ትለብሳለች፣ ከበሮ ካለበት አትደርስም፣ ሰው ፊት አትስቅም። ጥቁሩን አልጠላሁትም፤ ማንም ሳያዘኝ ነው የለበስኩት። ባሌን እወደው ነበር። ይሄን የሚጠራጠር ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ። ያንገሸገሸኝ ሌላ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ የሁለተኛ ክፍል ልጆች የሚያስቅ ነገር ሲናገሩ አፌን በነጠላዬ መሸፈን ጀመርኩ። ሕፃናት ፊት! ሳቄን አይተው ቤታቸው ሄደው ለእናቶቻቸው እንዳይናገሩብኝ ፈርቼ። አንድ ቀን እንዲያ ስሸፍን ራሴን ታዘብኩና «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?» አልኩ።

አሰላ ደግሞ ለእኔ ከተማ አልነበረችም። ባሌ ኩላሊቱን ሲታመም አንድ ክረምት ሙሉ እዚያ አስታምሜዋለሁ። የማውቃት አሰላ ከሆስፒታሉ በር እስከ መድኃኒት ቤቱ፣ ከመድኃኒት ቤቱ እስከ ላብራቶሪው ነች። ለፔርሙስ ፍል ውሃ የሚሰጡ ደግ ሴት የት እንዳሉ አውቃለሁ። ዝናብ የማያስገባው የበረንዳ ጥግ የትኛው እንደሆነም አውቃለሁ። ጭላሎ ተራራ ከከተማው መሃል ሲያዩት ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም፤ ቀና ብዬ አላየሁትማ። እናም አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አሰላ ሰርከስ መጥቷል፣ ግድግዳ ላይ ሥዕል ይሳላል፣ ምግብ ይሸጣል» የሚል ማስታወቂያ በስልኩ ሲያሳየኝ እልህ ያዘኝ። ይህችን ከተማ በሽታ ብቻ እንዴት ይውሰዳት? እኔስ የት ሄድኩ?

ለጎረቤቴ ዶሮዎቼን አደራ ስሰጣት «አሰላ ነኝ፣ እሑድ ማታ እመለሳለሁ» አልኳት። አልዋሸሁም። ለምን እንደምሄድ ግን አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። «እግዜር ይርዳሽ» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ሚኒባሱ ውስጥ እንደገባሁ ስልኬን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት፤ ሁለት ቀን እንኳ «የት ነሽ፣ ምን ሆነሽ» የሚለኝ እንዲኖር አልፈለግሁም።

አልጋ ልይዝ የገባሁበት ፔንሲዮን እንግዳ ተቀባይዋ ልብሴን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አስታማሚ ነዎት? ለአስታማሚ እንቀንሳለን» አለችኝ።

«አይደለሁም። ሙሉውን አስከፍይኝ፤ ሰርከስ ላይ ነው የመጣሁት።»

ልጅቷ ክው አለች። ቁልፉን ስትሰጠኝም ፊቴን ደጋግማ ታየኝ ነበር። ከዚያ ምሳ ቤት ገብቼ ጥብስ አዘዝኩ። አስተናጋጁ «ሌላ ሰው ይመጣል?» አለኝ። «አይመጣም» አልኩት። «እንግዲያው ግማሽ ላድርገው?» ሲለኝ «ሙሉ! ቃሪያውም ይብዛ» አልኩት። ብቻዬን ተቀምጬ፣ ማንንም ሳላጎርስ፣ ማንም «ብይ እንጂ፣ አይዞሽ፣ ጥንካሬ ያስፈልግሻል» ሳይለኝ፣ ጥርግ አድርጌ በላሁ። ለካ ጥብስ እንዲህ ይጣፍጣል።

ሰርከሱ ያለበት ሜዳ ዳር ሴቶች ምግባቸውን ደርድረው «ኮቱ፣ ኮቱ! ኑ፣ ኑ!» ይላሉ። ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ አለ፣ ሳምቡሳ አለ፣ በማንኪያ የሚቆረጥ የአርሲ እርጎ አለ። እኔ ግን ዓይኔ ጭኮው ላይ አረፈ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ ሲያብረቀርቅ። ባለ ጭኮዋ ጥቁሬን አየችና ፊቷን አጨማደደች። «አይዞሽ እህቴ፣ ይሻለዋል» አለችኝ።

«ማን ነው የሚሻለው? ባሌ እንደሆነ ሞቷል። እኔ ጭኮ ልበላ ነው።»

አንድ አፍታ አፍጥጣ አየችኝና «ታዲያ ብይዋ!» ብላ አንድ ማንኪያ ጨመረችልኝ። ዞር ስል ከሻጮቹ ድንኳኖች በላይ ጭላሎ ቁጭ ብሏል፤ ትልቅ፣ ሰማያዊ፣ አናቱ ላይ ትንሽ ደመና ጣል አድርጎ። ስንት ወር እዚህ ከርሜ አላየሁትም። ተናደድኩ። ጭኮዬን እየበላሁ ደህና አድርጌ አየሁት።

ሰርከሱ ጣሪያ የለው፣ ግድግዳ የለው፤ ምንጣፍ አለ፣ ከበሮ አለ፣ የአሰላ ብርድ አለ። አንዱ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት እየነዳ ሰሃን ይወረውራል፤ ሁለት ልጃገረዶች እንደ ሊጥ ይተጣጠፋሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ነበር። ልማድ ክፉ ነው። ከዚያ አንዲት አጠር ያለች፣ ድንቡሽቡሽ ያለች ወጣት ወጣች። ሦስት ጎረምሶች አንዱ በአንዱ ላይ እየተንጠላጠሉ ትከሻዋ ላይ ቆሙባት። እሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ከኪሷ ቆሎ አወጣችና መቆርጠም ጀመረች። ላይ ያለው ይንቀጠቀጣል፣ መሃል ያለው «እማዬ ድረሽ!» ይላል፤ እሷ ቆሎዋን ታሻለች፣ ገለባውን እፍ ትላለች። ጭራሽ ረዘም አድርጋ አዛጋች።

ነጠላው ከአፌ ላይ መቼ እንደወረደ አላውቅም። ሳቅሁ። ሳቅሁ ስላችሁ ፈገግ አልኩ ማለቴ አይደለም፤ ሆዴን ይዤ፣ ጉንጬ በእንባ እስኪርስ ሳቅሁ። ያቺን ልጅ አውቃታለሁ! ያን ክረምት እኔም እንደዚያ ነበርኩ፤ ባሌን፣ ቤቱን፣ የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ ትከሻዬ ላይ አቁሜ «ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን» እያልኩ ዳቦ እቆርስ ነበር። እንባዬ የሳቅ ብቻ አልነበረም። ግን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ካለቀስኩት ሁሉ ይልቅ ያን ቀን ቀለለኝ። ይሄን ስል አላፍርም።

አጠገቤ ጣቶቹ ቀለም በቀለም የሆኑ አንድ ወጣት ሠዓሊ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ ኖሯል። «እናቴ፣ ልሳልዎት?» አለኝ። ወረቀት ላይ መስሎኝ፣ ሳቁም ገና ስላልለቀቀኝ፣ «ሳለኛ!» አልኩት። በስልኩ ፎቶ አነሳኝና አመስግኖኝ ሄደ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ፉሌን በትኩስ ዳቦ በልቼ፣ ሥዕሎቹን ለማየት ወጣሁ። ዋናው አስፋልት ዳር ያለው ረጅም አጥር ከዳር እስከ ዳር ተስሏል፤ ሰው የሚያህል የገብስ ዛላ፣ ጋሪ የሚጎትት ሰማያዊ ፈረስ፣ ተራራውን በሩጫ የምትወርድ ልጅ። አጥሩ መጨረሻ ላይ የትናንቱ ሠዓሊ ከባሕር ዛፍ በተሠራ መወጣጫ ላይ ቆሞ ይሠራል። ከፊቱ ያለችው ሴትዮ እኔ ነኝ።

ቁመቷ የእኔን እጥፍ ይሆናል። ጥቁር ነጠላ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ አፏ ወለል ብሎ የተከፈተ። እንዲህ ስስቅ ራሴን አይቼ አላውቅም፤ ደስ የምል ሰው ነኝ ለካ። ግን ወዲያው ፈራሁ፤ የሚያውቀኝ ሰው እንዳለ ዘወር ዘወር ብዬ አየሁ። ከሁሩታም ከዲክሲስም ለገበያና ለሕክምና የመጣ ሰው የሚመላለሰው በዚሁ አስፋልት ነው። ሠዓሊው ፊቴን አይቶ «ካልወደዱት ይጠፋል እናቴ፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ነው» አለኝ። ልመልስለት ስል ከኋላዬ አንድ ሚኒባስ ጥሩንባውን አምባርቆ ቆመ።

የእድራችን ሴቶች ናቸው። ከፊት የባሌ ታላቅ እህት አሉ፤ እትዬ ነው የምላቸው። ባሌን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ የሐዘኑም አዛዥ እሳቸው ናቸው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ጎረቤቴ እኔ ገና ሚኒባስ ሳልሳፈር ታማ አሰላ ሄደች ብላ ለእድሩ ሴቶች ሮጣ ነግራለች። እኛ ጋ የታመመን ሰው ምንህን ነው እያሉ መመርመር ነውር ነው፤ ዝም ብሎ ተነስቶ መጠየቅ ነው ደንቡ። ከቅዳሴ መልስ መኪና ተኮናትረው፣ ዳቦና ብርቱካን ይዘው፣ ሆስፒታሉን አልጋ ላልጋ ዞረው አጡኝ። ስልኬ ዝግ ነው። እትዬ አስከሬን ክፍል ሳይቀር አስጠይቀዋል። ተስፋ ቆርጠው ሲመለሱ ከሴቶቹ አንዷ በመስኮት «እንዴ! እሷ አይደለችም?» አለች። መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን ግድግዳውን ነው።

እትዬ ክንዴንም ግንባሬንም ዳበሱኝ። «ደህና ነሽ? ምንሽን ነው ያመመሽ?»

«ምንም አላመመኝም እትዬ። ሰርከስ ላይ መጥቼ ነው።»

እትዬ እጃቸውን ከላዬ አነሱና ግድግዳውን አዩት። «ሰርከስ! ወንድሜ ዓመቱ ሳይወጣ! ይሄን ለብሰሽ ነው አደባባይ ላይ የምትገለፍጪ? ይሄ ሥዕል እዚህ እያለ ሙት ዓመቱ ላይ ከጎኔ አትቀመጪም። ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። ሙት ዓመቱ ላይ ከእትዬ ጎን አለመቀመጥ ማለት ሚስቱ አልነበርሽም መባል ነው። ግን እልሁ ቀደመኝ።

«አዎ፣ ይሄንኑ ለብሼ ነው። አውልቄው ብስቅ ይሻል ነበር? ወንድምዎን ረስቼ አይደለም የሳቅሁት። ያስታመምኩት እኔ ነኝ፣ ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደማዝን ማንም አይለካልኝም እትዬ፤ እርስዎም ቢሆኑ!»

እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። አንዷ «ወይ ዘንድሮ!» አለች። እትዬ ግን ዓይናቸውን ሥዕሉ ላይ ተከሉ። ከዚያ ጠጋ አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚኝ። ያጥፋው አልልም፣ ልጁም ደክሞበታል። ግን አንቺ አይደለሽም። ማን እንደሆነች አናውቅም እንላለን። እያት፣ ጥርሷ ሙሉ ነው፤ ያንቺ ጎደሎ ነው። ማን ምን ይለናል?»

ሴቶቹ «እውነት ነው፣ እሷ አይደለችም» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ በር መክፈታቸው ነው፤ ከወሬውም ከሐሜቱም አውጥተው ጎናቸው ሊያስቀምጡኝ። ልቤ ተነካ። ሠዓሊውም አክብሮኝ ይመስለኛል፣ ጥርሴን አሟልቶልኛል። ያን ጥርስ ያጣሁት ግን እዚሁ አሰላ፣ በዚያ ክረምት ነው። ሲያብጥ ባሌን ጥዬ የትም አልሄድም ብዬ ቆየሁ፣ ቆየሁ፣ በመጨረሻ መንቀል ግድ ሆነ። እሱን ሳስታምም የጎደለ ጥርሴን ደብቄ ነው እንግዲህ ሚስቱ የምባለው? አይሆንም!

«አንተ ልጅ!» አልኩት ሠዓሊውን። «ጥርስ አበዛህብኝ። አንዱን አውጣልኝ፤ ሌላ ሴት ናት የሚል እንዳይኖር።»

እኔንም እትዬንም እያፈራረቀ አየ። «እርግጠኛ ነዎት እናቴ?»

«አውጣው አልኩህ!»

ሴቶቹ «ኧረ በስመ አብ!» አሉ። ሠዓሊው ብሩሹን ጥቁር ቀለም ነከረ። የትኛው ጥርስ እንደሆነ አልነገርኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም፤ እጁን በቀኝ በኩል ሰደደ።

«እዚያ አይደለም!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። እትዬ ናቸው። ዳቦውን ለአንዷ አስይዘው እመወጣጫው ሥር ደርሰዋል፤ በጣታቸው ወደ ላይ ያሳዩታል። «በግራ ነው፣ ከላይ። ሲነቀል እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ።»