ለሰኔ ማርያም የሄደው ዘር

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህ ትዝ ያለኝ ባለፈው እሑድ እዚሁ ሰቆጣ፣ ከሱቅ የገዛሁትን በላስቲክ የታሸገ ስንዴ ለመገበሪያ፣ ማለት የቅዳሴው ኅብስት ለሚጋገርበት፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አስረክቤ በባጃጅ ስመለስ፣ ጣቶቼ አላርፍ ብለው የነጠላዬን ጥለት ሲለቃቅሙ ስላየኋቸው ነው። «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አልኳቸው ጮክ ብዬ። ነጂው በመስታወቱ አየኝና ፍጥነት ጨመረ። ቤት ገብቼም ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ በር ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ።

ከሰቆጣ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬደው ቀዬአችን ያን ዓመት ዝናቡ ቀድሞ አቋርጦብን፣ ሰኔ ሲገባ ቤታችን ውስጥ የቀረው እህል ከመሐል ምሰሶው ላይ በስልቻ የተንጠለጠለው የስንዴ ዘር ብቻ ነበር። እኔ ከሥሩ ስተኛም ስነሣም አየው ነበር። አባቴ ሁለት ፍየል ሸጦ የምንበላውን ሊገዛ ወደ ሰሃላ ገበያ ሲወርድ፣ በበሩ ላይ ቆም ብሎ ወደ ስልቻው ቀና አለና «የሚላስ የሚቀመስ ቢጠፋ እንኳ ይቺን እንዳትነኩ። ይቺ ከተነካች መሬቱን ለሌላ አራሽ ሰጥተን ለቀን ሥራ ከተማ መውረዳችን ነው» አለን። እናቴ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ እኔም እሷን አይቼ ነቀነቅኩ።

በሦስተኛው ቀን የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ መጡ። ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ሰኔ ማርያም ሦስት ቀን ቀራት፤ ዕቃ ቤቱ ግን ተጠርጎ የተለቀቀ ይመስላል። ሁሉን ቤት ዞርኩ፤ ሁሉም ‹አባ፣ በላነው› ነው የሚለኝ። ቅዳሴው ሊታጎልብኝ ነው።»

«ስንት ይበቃል አባ?»

«ሁለት ጣሳ ቢገኝ እልል ነው።»

እናቴ ስልቻውን አወረደችና ቁናውን ሞላችው፤ መሙላት ብቻ አይደለም፣ አናቱን ጉልላት እስኪመስል ቆለለችው። ቄሱ ደነገጡ።

«ይሄ ዘር ነው እኮ!»

«አዎ፣ ዘር ነው።»

«ባልሽስ ምን ይላል?»

«ሲመጣ ይናገራላ! አሁን የለም» ብላ ሳቀች። ለቅሞ ማምጣቱም የእኛ ድርሻ ሆነ።

እጃችንን ታጥበን ሰፌዱን መሐላችን አድርገን ተቀመጥን። ለመገበሪያ የሚለቀም ስንዴ የተሰበረ፣ የተነቀዘ አይገባበትም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አይቀመስም። እኔ ግን ጥሬ ስንዴ ማኘክ ልማዴ ስለነበረ፣ ሐሳቤም ሰሃላ መንገድ ላይ አባቴ ዘንድ ስለነበረ፣ ሳላውቀው አንዷን ፍሬ አፌ ውስጥ ከተትኳት። እናቴ የአገጬን እንቅስቃሴ አየች። የሰፌዱን ስንዴ በሙሉ ለዘር እንዲሆን ወደ ስልቻው መለሰችና አዲስ ሰፈረች። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ፤ ባኘክሁ ቁጥር ዘሩ ይመለሳል! ለቅመን ልንጨርስ ስንል፣ እንዲያውም እንድትሰማኝ ብዬ፣ ሁለተኛዋን ፍሬ ቀርጨም አደረግኋት።

«አንቺ ሸፍጠኛ! ማርያምን ልታታልያት ነው?» ያንንም ወደ ስልቻው መልሳ እንደገና ሰፈረችና ሻሿን ከራሷ ፈትታ አፌን አሰረችው። እኔ ከሻሹ ሥር እያለቀስኩ ስለቅም «አባትሽን ፈርተሽ ነው አይደል? እኔም ፈርቻለሁ። ልቤ ግን እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፤ ምን ላድርገው?» አለችኝ። ደስ ሲላት ከአማርኛ ወደ ኽምጣንጋ ትሻገራለች፤ የቀረውን በኽምጣንጋ እያንጎራጎረች ለቀመችው።

በበዓሉ ቀን እልልታዋ ከሴቶቹ ሁሉ በላይ ተሰማ። የታጠበ አሮጌ ቀሚሷን ለብሳ ከቅዳሴ ስትወጣ ሙሽራ ትመስል ነበር። እኔ ግን አንድ ቦታ መቆም አቅቶኝ ወደ አጥሩ እየሮጥኩ መንገዱን አያለሁ። አባቴ ገዢ አጥቶ ፍየሎቹን መልሶ እየነዳ ከሰዓት በኋላ ገባ። ዱላውን ሳያስቀምጥ ስልቻውን ከታች በመዳፉ ከፍ አድርጎ መዘነው።

«ጎድሏል።»

«ለማርያም ሰጥቼው ነው።»

«ስንት?»

«ቁና።»

«ሁለት ጣሳ አይበቃም ነበር?»

«ይበቃ ነበር» አለች እናቴ።

እህል ሳይቀምስ ተኛ። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቄሰ ገበዝ ቤት ሲያቀና እናቴ «ሩጪ፣ ተከተይው፤ አባን ክፉ እንዳይናገራቸው» አለችኝና እስከ ደጃቸው እግር በእግር ተከተልኩት። ቄሱ ገና ሲያዩት ገባቸው መሰለኝ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ስንዴ ይዘው ወጡ።

«ግማሹ አልተፈጨም። ውሰደው ልጄ፤ ማርያም አትቀየምህም።»

«ልወስድ አልመጣሁም አባ። ትናንት በጸሎቱ ላይ የማን ስም ተጠራ?»

«የባለቤትህ ነዋ።»

«የእኔስ?»

«አንተማ አልነበርክም።»

«ያረስኩት እኔ፣ ያጨድኩት እኔ! ሲሰጥ ነው እኔን የምታስቀሩኝ?» ድምፁ ሰርግ ሳይጠሩት እንደቀረ ሰው ነበር። ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እዚያው ደጃፍ ላይ የክርስትና ስሙን ጠርተው ጸለዩለት፤ እሱም ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ እስኪጨርሱ ቆመ።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። ልጆቼ ከዓረብ አገር ይልኩልኛል፤ ስሰጥ ከቤቴ የሚጎድል የለም፣ ማን ምን ይለኛል ብዬም አልፈራም። የሰጠሁት ስንዴ በማሽን ስለተለቀመ አንዲት ፍሬ እንኳ አልነካሁም። ማርያም አትቀበለኝም ማለቴ አይደለም፤ ትቀበለኛለች። ነገር ግን እናቴን ያስዘመራት፣ አባቴን ከቄሱ ደጅ ያደረሰው ነገር እኔ ዘንድ ሳይደርስ የት እንደቀረ እየፈለግሁ ይኸው ቤቴን ስዞር እውላለሁ።

አባቴ ያን ሰሞን ከወንዙ ማዶ ላለ ሰው አራት ቀን አረሰ። ዋጋውን በስንዴ ተቀብሎ ስልቻው ውስጥ ጨመረው። ሐምሌ ሲገባ የታችኛውን ማሳችንን ዘራው።