እስስቷና አምስተኛው ወር

እስስት ፊት አፍ አይከፈትም። እኛ ሰፈር ይህን ሳያውቅ ያደገ ልጅ የለም፤ ጥርስህን ከቆጠረችው አንድም ሳይቀር ይረግፋል። እናም ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ፣ አግብቼ፣ ላሊበላ ላይ የራሴን ቤት ይዤ ሳለሁ፣ ባለቤቴ እስስት በካርቶን ይዞ ሲገባ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር አፌን በነጠላዬ መሸፈን ነበር።

ባለቤቴ አናጢ ነው። ከብልባላ ሲመለስ ሰዎች መንገድ ላይ በድንጋይ ሊጨርሷት ሲሉ ደርሶባቸው ነው ያመጣት። አንድ እግሯ ተጎድቷል። አውጣልኝ አልኩት። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም በአምስተኛው ወር ወርደውብኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ያኔ የማልፈራው ነገር አልነበረም። እሱ ግን ካርቶኑን እንደያዘ ቆመና፣ "ይህች እንኳ ትትረፍልን" አለኝ። ነጠላዬን ከአፌ ሳላወርድ ከበሩ ዞር አልኩለት።

ከመስኮት ሥራ የተረፈ ጣውላ ቆርጦ እስከ ወገቤ የሚደርስ ሳጥን ሠራላት። ሽቦ እግሯን ይልጠዋል ብሎ፣ ቆላ ለሥራ ሲወርድ የሚተኛበትን አጎበር ቀዶ በአራቱም ጎን ወጠረው። ውስጡ የወይራና የክትክታ ቅርንጫፍ አቆመ፤ በየጠዋቱም ከነጤዛው ትኩስ ይቀይርላታል። ከሥር አንዲት ቀዳዳ ትቶ የሙዝ ልጣጭ ያኖራል፤ ዝንቡ ልጣጩን ብሎ ሲገባ እሷ ምላሷን ትወረውራለች። ውኃም በሲኒ አስቀመጠላት። በሥራው ኮርቶ ነበር። እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቻት አላውቅም። አንዱ ዓይኗ ዝንቡን ሲከተል ሌላው ሆዴን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። በጠቆረች ቁጥር እጄ ወደ ሆዴ ይሄዳል።

አምስተኛው ወር ሲገባ ባለቤቴ ሙጃ ከተማ የጣራ ሥራ አገኘና እሷን ለእኔ አደራ ብሎ ሄደ። በሳምንቱ መብላት ተወች። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ቢያርፍም ዝም ነው። ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ሰረጎዱ። ፊቴን አዙሬ፣ ከንፈሬን ነክሼ የሲኒውን ውኃ በየቀኑ እቀይራለሁ፤ ሲኒው እንደሞላ ያድራል። እስከዚያ ድረስ የምፈራው እሷን ነበር፤ አሁን እንዳትሞትብኝ ፈራሁ። ትትረፍልን የተባለችው ከሞተች፣ የሆዴስ? ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ማወቁ ግን ምንም አልጠቀመኝም። በዚያ ላይ እንደ በፊቶቹ ጊዜ ወገቤን ቆረጥ ቆረጥ ያደርገኝ ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄጄ ዕረፊ ከማለት በቀር ያሉኝ ነገር የለም። ባለቤቴ ሲደውል ሁለታችንም ደህና ነን እለዋለሁ።

በመጨረሻ ጎረቤቴን ጠራኋቸው። የቄስ ሚስት ናቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ እጄን ይዘው ያደሩት እሳቸው ናቸው። ሳጥኑን ሲያዩ አማተቡ። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት እስስት ብለው ባለቤቴን በሌለበት ወረዱበት። ከዚያ ቤታቸው ሄደው ጠበል በጠርሙስ ይዘው መጡ፤ ያደረባት ነገር ካለ ይውጣ ብለው። መጀመሪያ እኔን ረጩኝ፤ ቀጥለው ሳጥኑን ከፍተው እሷን። ሁለታችንም አፋችንን በነጠላ ሸፍነናል።

ጠበሉ የክትክታው ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ቀረ። እስስቷ አንድ ዓይኗን አዞረች፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ቀስ ብላ አፏን ከፈተችና ጠብታዋን ላሰች። ሌላ ጠብታ ላሰች። ጎረቤቴ መርጨቱን ትተው ከጣታቸው ያንጠባጥቡላት ጀመር። ነጠላቸው ከአፋቸው መውረዱን አላወቁትም።

"ልጄ፣ ይህች እኮ ጠምቷት ነው" አሉ። "እኛ እሷን ስንፈራ፣ እሷ በውኃ ጥም ልታልቅ። ዱር ለዱር ስትኖር ከቅጠል ጤዛ ትልሳለች እንጂ ሲኒ ማን አቅርቦላት ያውቃል?"

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አብሽሪ፣ አብሽሪ አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ጠበላቸውን ይዘው መጡ። ለእሷ ተራ ውኃም ይበቃታል ብላቸው፣ "ጠበሉ ላንቺ ነው፤ እሷ የተረፈውን ነው የምትጠጣው" አሉኝ። ወገቤ ቀስ በቀስ ተወኝ። አምስተኛው ወር ግን እስኪያልፍ አንድም ሌሊት ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም።

ባለቤቴ ሲመለስ ሁለታችንንም አገኘን። እግሯ ሲድን ከግቢያችን ጀርባ ያለው ወይራ ላይ ለቀቃት።

ልጃችን አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያ ጥርሷ ወለቀ። እንደ ደንቡ ጣራ ላይ ወረወረችውና ጎደሎ አፏን ከፍታ እየሳቀች ወደ እኔ ሮጠች። የወተት ጥርስ ነው፤ ጊዜው ደርሶ ነው የወለቀው፤ አውቃለሁ። ቢሆንም አፏን በእጄ ሸፍኜ ወደ ወይራው ተመለከትኩ።