አስረሳሽና ያልበደላት አንበሳ

አስረሳሽ ደም ልትመልስ አዋሽ ትወርዳለች አሉ። ወንድሟን ይሁኔን የበላውን አንበሳ አድና ልትገድል ነው አሉ። ወሬው ቆቦ ላይ ሲነሳ አንበሳው አንድ ነበር፤ ሮቢት ሲደርስ ሁለት ሆነ፤ ጎብዬ ላይ ከነደቦሎቹ ሰባት ገባ። ዋጃ የደረሰው ደግሞ አንበሳው ስሟን ሰምቶ ኬንያ መግባቱን ጨምሮ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ረመዳን «ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ!» እያለ ምሏል። ምን እንዳየ የጠየቀው የለም፤ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ሰው ብዙ አይጠይቅም።

ረጋ ብሎ ላሰበው ግን ነገሩ አይያያዝም። አስረሳሽ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጎረቤት ዶሮ ሊያርድ ቢላ ሲስል ፊቷን አዙራ ጓሮ የምትገባ ሴት ናት። ይሁኔም ቢሆን አንበሳ በላው የተባለው የዛሬ ሃያ ዓመት ግመል ነጂዎችን ተከትሎ ወደ አፋር ወርዶ ስላልተመለሰ ብቻ ነው። ያልተመለሰ ሁሉ ከተበላማ የቆቦን ግማሽ አዲስ አበባ ያለ አንበሳ ጨርሶታል ማለት ነው።

እስቲ ከሥሩ እንየው። አስረሳሽ ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ማሽላ ጠባቂ ናት። ማሽላው ማሸት ሲጀምር ወንጭፏን ይዛ ማማ ላይ ትወጣለች፤ ግሪሳ ሲመጣ ግሪሳውን፣ ዝንጀሮ ሲመጣ ዝንጀሮውን፣ ከርከሮ ሲመጣ ከርከሮውን ታባርራለች። ድምጿ አንዴ ከተነሳ ወሰን ማዶ ያለ ግሪሳ ጓዙን ይጠቀልላል። ሃምሳ ዓመት እንዲህ ኖራ አንድ ቀን የዓይን ቅባት ልትገዛ መድኃኒት ቤት ገባች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ካላንደር ላይ አንዲት ሳላ አየች። ቀንዶቿ እንደ ጦር ቀጥ ብለው ወጥተዋል፣ ፊቷ በጥቁር የተኳለ ይመስላል፣ አስረሳሽን ትክ ብላ ታያታለች። ያኔ አስረሳሽ ደነገጠች። በሕይወቷ ሙሉ ያየችው የአውሬ ጀርባ ነው። ፊቱን አይታ አታውቅም።

ቅባቱን ረስታ በቀጥታ የሰፈሯ ልጅ፣ የባዮሎጂ መምህሩ ተመስገን ዘንድ ሄደች።

«ይቺ ሳላ የት ነው ያለችው?»

«አዋሽ ፓርክ ናት፣ እትዬ። እኛ አስተማሪዎቹ ከጥምቀት በኋላ ባለችው ቅዳሜ ልናያት በሚኒባስ እንወርዳለን።»

«ወንበር አለ?»

«አንድ ቀርቷል።»

«አልቀረም» አለችው።

ተመስገን የመንገዱን ሕግ ነገራት። ነጭና ደማቅ ልብስ አይለበስም፣ ሽቶ አይቀባም፣ አይጮህም፣ ድንጋይ አይወረወርም። አስረሳሽ «ሽቶውን እንኳ ተወው፤ ዝም ማለቱ ነው የሚገድለኝ» አለችና የዚያኑ ዕለት ዝግጅት ጀመረች። የግራር ቅርፊት ቀቅላ ነጭ ነጠላዋን ነከረችው፤ አፈር መሰለ፤ እሷም ደስ ብሏት ለበሰችው። ቀጥላ ግቢዋ ላይ ማሽላ አሰጣች፤ እጇን ጭኗ ሥር ሸጉጣ ቁጭ አለች። የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ መጥቶ በላ። እሽ አላለችም። በሦስተኛው ቀን ዶሮዎቹ ከመወፈራቸው የተነሳ ወደየቤታቸው የተመለሱት በጋሪ ነው።

ስህተቱ እዚህ ላይ ሆነ። በራያ አገር ነጠላውን አጥቁሮ፣ አፉን ዘግቶ፣ አንድ ቦታ ላይ አፍጥጦ የተቀመጠ ሰው ምን እንደያዘ ማንም ያውቃል፦ ቂም ነው፤ ያልተመለሰ ደም አለበት። የማን ደም? ይሁኔ አለላችሁ! ገዳዩስ? የምትወርደው አንበሳ ወዳለበት አይደል? ሁሉም ልክክ አለ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ከቆየች በኋላ፣ ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት ዘወልዶቹ መጡ። ዘወልድ ማለት ሁለት ወገን ደም ሲቃባ መሀል ገብቶ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፤ የዘወልድን ቃል የረገጠ ሰው እሳት የሚጭርበት ጎረቤት አያገኝም። አምስቱም እርጥብ ሳር ይዘው ደጇ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ሚኒባሱን የሚነዳውን ሐድጉንም አስጠሩት።

«ልጄ፣ ደም በደም አይታጠብም» ብለው ጀመሩ ሸህ ኡበይድ፣ የዘወልዶቹ አውራ። «አንበሳም ቢሆን ወገን አለው። ዛሬ አንቺ አንዱን ብትገድይ ነገ ዘመዶቹ ቆቦ ይወጣሉ።»

«አባቴ፣ እኔ...»

«ቆይ፤ መጀመሪያ ሽማግሌ ይጨርሳል።»

ሽማግሌ ጨረሰ፤ ግን እስኪጨርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። መሀል ላይ አንደኛው ዘወልድ «ለመሆኑ በአንበሳው በኩል ማን ይቀመጣል?» ብለው ጠየቁ። ሥርዓቱ ሁለት ወገን ይፈልጋል። ብዙ ከመከሩ በኋላ ከተሰበሰበው ሰው መሀል ተመስገን ስለ አውሬ የሚያስተምር ነው ተብሎ ለብቻው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ የአንበሳው አጎት ሆነ።

«እንግዲህ ነገሩ ቀላል ነው» አሉ ሸሁ። «ሳሩን ያዢና ‹ይቅር ብየዋለሁ› በይ። ቅዳሜ በሰላም ትሄጃለሽ። እምቢ ካልሽ ሐድጉ አይጭንሽም።»

የአንበሳው አጎት ወደ አስረሳሽ ዘንበል አለ። «እትዬ፣ በይና ይለቅ! አንዲት ቃል ናት፤ አንበሳው እንደሆን አይሰማ!»

አስረሳሽ ሳሩን አየችው። አንዲት ቃል፣ ከዚያ ወንበሩ የእሷ ነው። ግን ሃምሳ ዓመት ስታባርር ያልበላ ከርከሮ አባርራ አታውቅም፤ አሁን ያልበደላትን ይቅር ብትል ወንጀለኛ አደረገችው ማለት ነው። ደግሞስ ቃሉን ካለች መንገዱ የእሷ መሆኑ ቀረ፤ እስከ ዕለተ ሞቷ አንበሳ የማረችው ሴትዮ ተብላ ልትቀር ነው።

«አልልም» አለች።



«ሐድጉ፣ ሰምተሃል» አሉ ሸሁ።

ሐድጉ ቀና አለ። «ሰምቻለሁ፣ አባቴ። እዚህ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ሰው ስጭን ከአውሬ ታርቀሃል ወይ ብዬ የጠየቅሁት ተሳፋሪ የለም። እሷንም አልጠይቅም። ቅዳሜ ትሳፈራለች፤ ያውም ከፊት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሸህ ኡበይድ ሳሩን ጭናቸው ላይ አኖሩና እንደ ደከመው ሰው ተነፈሱ። «እንግዲያስ ይሄ ሁሉ የሰማነው ምንድን ነው? አንቺው ተናገሪ።»

አስረሳሽ ተነሳች። ሦስት ሳምንት ያጠራቀመችው ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ፤ የሰሙት ወፎች እስከ ጎብዬ ድረስ አላረፉም ይባላል።

«ይሁኔን አንበሳ አልበላውም! እዚያው አፋር፣ ዱብቲ ተቀምጦ ሰባት ልጅ ወልዷል፤ ባለፈው እሑድ ደውሎልኛል። ነጠላዬ የሐዘን አይደለም፤ ሳላዋ እንዳትሸሽብኝ ነው የነከርኩት። ዝም ያልኩት ዝምታ ልለምድ ነው። ቂም የለኝም፣ ደም የለኝም፣ አንበሳም አይቼ አላውቅም። የሰማችሁት ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነው!»