ምዕራፍ ሁለትን ማን ጻፈው?

ትናንት ጠዋት ከደባርቅ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎንደር ወረድኩ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን የማቀርብበት ቀን ነበር። ዳባት ላይ ረዳቱ ሰው ልሙላ ብሎ ሲያቆመን... ወርጄ በእግሬ ልቀጥል ትንሽ ነው የቀረኝ።

አስተማሪ ነኝ፤ ማስተርሱን የምማረው በክረምት ነው። በበጋ ደግሞ ትምህርት በሌለ ቀን ቱሪስት ይዤ ተራራው ላይ ወዳለው ሳንቃ በር ካምፕ እወጣለሁ። ጽሑፌም የቱሪስት ጓዝ ስለሚጭኑ በቅሎ ነጂዎች ነው።

ፈታኙ ዶክተር ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣

«ምዕራፍ ሁለትን ማን ጻፈው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር።»

«ምዕራፍ አራትንስ?»

«እሱንም እኔ ነኝ።»

«የምዕራፍ ሁለት እንግሊዝኛ ከረባት አስሯል። የምዕራፍ አራቱ ትከሻዬን መታ እያደረገ ‹ማይ ፍሬንድ› ይለኛል። አንዱን ሰው ጽፎልሃል።»

አስጽፏል ከተባልኩ የአራት ክረምት ድካሜን ውሃ በላው።

እውነቱን ነገርኳቸው። ምዕራፍ ሁለትን የጻፍኩት ክረምት ላይ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ መሃል ተቀብሬ ነው። አራትን የጻፍኩት በበጋ፣ ከእንግዶች ጋር ሦስት ቀን ሳወራ ከርሜ ስመለስ። አላመኑኝም።

«እንግዲያው እዚሁ ቁጭ በልና ርዕሱን ለምን እንደመረጥከው አንድ ገጽ ጻፍልን» ብለው ወረቀት ሰጡኝ።

እስክሪብቶዬን አውጥቼ ጀመርኩ። አጀማመሬ እንደ ማመልከቻ ነበር። መሃል ላይ ግን አያ ደሴ ትዝ አሉኝ፤ በቅሏቸው ጨነቅ ካምፕ አጠገብ ገደል የገባችባቸው ነጂ። ከዚያ በኋላ ምን እንደጻፍኩ አላውቅም።

ዶክተሩ አነበቡ። ደግመው አነበቡ። «ውጭ ቆየን» አሉኝ። ኮሪደሩን ስንቴ እንደተመላለስኩበት ዘበኛው ይመስክር... መቀመጥ አልቻልኩም።

ሲያስጠሩኝ ፈገግ ብለዋል።

«ከላይ ባለ ከረባቱ፣ ከታች ባለ ‹ማይ ፍሬንዱ›። ለካ ሁለቱም አንተ ነህ። አልፈሃል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን አንድ ሰው አድርገህ አምጣው።»

«የትኛውን ላቆይ?»

«ይሄ ይጠየቃል? ባለ ከረባቱን ነዋ።»

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ምዕራፍ አራትን ከፍቼ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። እዚያ በስማቸው የጠራኋቸውን አያ ደሴን «ምላሽ ሰጪ ሰባት» አልኳቸው። አጠፋሁት። መልሼ ጻፍኩት። አፈርኩ።

ማለፉንስ አልፌያለሁ... ሰርዘው የተባልኩት ግን ባለ ‹ማይ ፍሬንዱን›፣ ሰው አብሮት መንገድ መሄድ የሚወደውን ሰውዬ ነው።