አባ ይማም መዶሻ አያውሱም ነበር

የተቃጠለው ዘይት ሽታ አፍንጫዬን የመታኝ የእናቴን ካቻቢቴ ከተጠቀለለበት የሽርጥ ቁራጭ ስፈታው ነው። ጨርቁ ጠቁሯል፤ ብረቱ ግን ዛሬም አልዛገም። ለዚህ ያበቃኝ የእናቴን ጭቃ ቤት አፍርሼ በብሎኬት የሠራሁት አዲሱ ቤቴ ነው። ገብቼበት ዓመት ሳይሞላኝ የበሩ ማጠፊያ ተንጋዶ አልዘጋ አለኝ። በር ከፍቼ ትቼ ደግሞ ሥራ መሄድ አልችልም። አናጢው "ዛሬ እመጣለሁ" እንዳለኝ ሳምንቱ አለቀ። ከቆቦ ገበያ በፕላስቲክ ሳጥን የታሸገ የሚያብረቀርቅ የመጠገኛ ዕቃ ገዛሁ። ካቻቢቴው ገና በመጀመሪያው ብሎን ተጣመመ፤ ፒንሳው አፉ አልገጥም አለ፤ የመዶሻው ራስ ወልቆ የጎረቤቴ የዘሀራ ቆርቆሮ አጥር ላይ ጮኸ። ከዘሀራ ጋር ደግሞ ከተኮራረፍን ክረምቱ አልፏል። በንዴት ማልቀስ ነበር የቀረኝ።

አባ ይማም በልጅነቴ ጎረቤታችን ነበሩ። አናጢም ግንበኛም አልነበሩም፤ ማሽላ የሚነግዱ፣ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው የሚታጠቁ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ደጃቸው ካለችው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ጦርነት ጥሎት የሄደ አረንጓዴ የጥይት ሳጥን ነበራቸው። መዶሻው፣ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ መጋዙ፣ እያንዳንዱ በአሮጌ ሽርጥ ተጠቅልሎ፣ ከአስፋልቱ ዳር ጋራዥ በለመኑት የተቃጠለ ዘይት ታሽቶ እዚያ ይተኛል።

በእኛ ሰፈር የማይዋስ ነገር አልነበረም። ወንፊቱም፣ ሙቀጫውም፣ አህያው ሳይቀር ከቤት ቤት ይዞራል። የአባ ይማም ዕቃ ግን ብቻውን አይወጣም። መዶሻ የፈለገ ሰው መዶሻውንም እሳቸውንም ይወስዳል፤ ያውም ሲመቻቸው። መጥተው ጠገን አድርገው ቢሄዱ ምን ነበረበት? ቁጭ ብለው ባለቤቱን ያሠራሉ።

አንድ የገበያ ቀን እናቴ ጎብዬ ገበያ ልትወርድ ስትል የበራችን መቀርቀሪያ ተነቀለ። ካቻቢቴውን ብትለምናቸው ቀትር ላይ ዙህር ሰግጄ እመጣለሁ አሏት። መጡና ዝቅ ያለች የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠው ካቻቢቴውን በእጀታው በኩል አቀበሏት። ወንድ ጠፍቶ ነው ወይ እኔ የምሠራው ብላ ተቆጣች።

"ቤቱ ያንች፣ በሩ ያንች፤ እጁ የኔ ለምን ይሆናል?" አሏት።

የጣቷ ቆዳ ተላጠ፤ ገበያውም ተበተነ። ሳምንቱን ሙሉ "ቋጣሪ ሽማግሌ" ስትላቸው ሰነበተች። ከዚያ ወዲህ ግን ለመቀርቀሪያ ማንንም ስትለምን አላየኋትም።

ሊሞቱ ሲሉ ያደረጉት ደግሞ ባሰ። ጎረቤቱን አስጠርተው የሳጥኑን ዕቃ አከፋፈሉት። ካቻቢቴው ለእናቴ፣ ፒንሳው ለዘሀራ እናት፣ መዶሻው ከማዶ ላሉት፣ መጋዙ ከኋላችን ላሉት ጎረቤቶች ደረሰ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሙሉውን ለአንዱ ቢሰጡት አይሻልም ወይ ብላ ጠይቃቸው ነበር።

"ለአንዱ ብሰጠው ይቆልፍበታል" አሉ።

ይኸው እስከ ዛሬ በእኛ ሰፈር አንድ በር ለማቃናት ስንት ደጅ መጥናት ያስፈልጋል! በእናቴ ካቻቢቴ ብሎኑን ባዞር፣ በወዲያኛው በኩል ብሎኑን የሚያስረው ዳዶ አብሮ ይሽከረከራል። ዳዶውን በፒንሳ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ደህናው ፒንሳ ደግሞ የት እንዳለ አውቃለሁ። አባ ይማምን ከነመቃብራቸው ተማረርኩባቸው።

እኔና ዘሀራ የተኮራረፍነው በጣሪያ ውኃ አሸንዳ ሰበብ ነው። የጣሪያሽ ውኃ ግቢዬን እያጥለቀለቀው ነው ብላት አልሰማ አለች፤ ክፉ ክፉ ተነጋገርን። አብረን ነው ያደግነው። እውነቱን ለመናገር ናፍቃኛለች፤ ግን እሷ ትምጣ ብዬ ደረቅሁ፤ እሷም ደረቀች።

በመጨረሻ ደጇ ሄጄ ቆምኩና የበሩን ነገር በአጭሩ ነገርኳት። ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች። ተናድጄ ልመለስ ስል ፒንሳውን ይዛ ወጣች፤ በሯን ቆለፈችና ቀድማኝ ወደ ቤቴ ሄደች። እሷ ከውጭ ዳዶውን ትይዛለች፣ እኔ ከውስጥ ብሎኑን አጠብቃለሁ። በሩ በመካከላችን ስለሆነ ፊቷ አይታየኝም።

"አሸንዳውን እኮ አዙሬዋለሁ" አለች ከወዲያ ማዶ። "አላየሽም እንዴ?"

አላየሁም ነበር። ብሎኑን ማዞሬን ቀጠልኩ። የመጨረሻው ብሎን ሲጠብቅ "ግቢ" አልኳት። ገባች፤ በሩንም ራሷ ዘጋችው።