ቴዮ ሮሳሪዮ ወንበሩን በገዛ እጁ ያስረከበባት እሁድ

ቤዝ ለመጫወት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ትከሻ ነው። አበልጄ ቴዮ ሮሳሪዮ ከቁመቱ የሚበልጥ የእንጨት ቤዝ ተሸክሞ ሃያ ስድስት ዓመት ከአራተኛ ፎቅ ሲወርድና ሲወጣ ኖሯል። የሰፈራችን የብሮንክስ ሊፍት ለጌጥ የተሠራ ስለሆነ ባይሠራም ማንም አይወቅሰውም። ከደሴታችን፣ ከፖንሴ ከተማ ሲመጣ ሸጋ ነበር፤ ድምፅም ነበረው። ዘፋኝ ይሆናል ስንል ሄዶ ሄዶ ከመድረኩ ጀርባ፣ ከእኔ ከኮንጋ ከበሮ መቺው አጠገብ ተወሸቀ። አሥራ አንድ ሸክላ ላይ ተጫውቷል፤ በአንዱ ሽፋን ላይ ክርኑ ይታያል።

የቀረውን ሽፋን የያዘው የባንዱ ጌታ ዊልፍሬዶ አርሴ ነው፤ ከነትራምፔቱ፣ ከነጥርሱ።

የእኛ ቤዝ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የማይችለው። ሌላው ዓለም ቤዙን "አንድ" ላይ፣ ማለትም በመጀመሪያው ምት ላይ ይደልቃል። የእኛ ግን ከ"አንድ" ቀድሞ ይመጣና "አንድ" ስትደርስ ዝም ይላል። ያንን ዝምታ ጨፋሪው በእግሩ ይሞላዋል። መለኪያው ክላቬ የምንላቸው የሁለት እንጨቶች ምት ነው። ከእነሱ ምት የወጣ ባንድ "ተጠላለፈ" ይባላል። ከዚያ ውርደት ያለ ሱሪ መድረክ መውጣት ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1969 ዊልፍሬዶ ዘመናዊ ለመሆን ወሰነ። ጎፈሬ አሳደገና ቴዮን አስጠራው።

"ቴዮዬ፣ አንተ እኮ ቤተሰብ ነህ" አለው። ይህን ሲል ሰው ሊያባርር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። "ግን ወጣቱ ኤሌክትሪክ ቤዝ ይፈልጋል። ኔልሰን ኢሪሳሪ የሚባል ልጅ አግኝቻለሁ፤ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የጨረሰ ነው። እሁድ ከሰዓት ጭፈራው ላይ መጀመሪያ አንተ፣ ከዚያ እሱ ትጫወታላችሁ። ሕዝቡን ያስጨፈረ ይቀራል።"

"እሺ ማኤስትሮ" አለ ቴዮ። ሃያ ስድስት ዓመት የተናገረው ይህንኑ ነው።

"አፍ የለህም?" አልኩት ስንወጣ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሌላ ሙያ የለውም። አርሴ በአደባባይ የጣለውን ቤዝ ተጫዋች ማን ይቀጥራል?

"እጅ አለኝ" አለኝ።

እሁድ ደረሰ። የቴዮ ሚስት ፕሮቪደንሲያ ፓስቴሌስ የሚባለውን በቅጠል የተጠቀለለ ምግባችንን ቋጥራ የፊተኛውን ጠረጴዛ ያዘች። ስድስት ቀን ልብስ ስፌት ፋብሪካ አጎንብሳ የምትውል ሴት ናት፤ ቀና የምትለው እሁድ ስትጨፍር ብቻ ነው። ቴዮ ሲጫወት ከወንድሜ ጋር ወለሉን አዳረሰችው።

ከዚያ ኔልሰን ተነሣ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። ልጁ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ኖታውን አንድም ሳያስቀር፣ "አንድ"ን እንደ ጠላት ይደበድባት ጀመር። ዘፋኙ የያዛቸውን የክላቬ እንጨቶች ምት ሳተ፤ ባንዱ ተጠላለፈ። ሰው በየተራ ይቀመጥ ጀመር። እኔ በልቤ እሰይ! አልኩ። በኮንጋዬ ላቃናው እችል ነበር፤ አላቃናሁትም። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቴዮ ላቡን እየጠረገ ከታች ተቀምጧል። አሸንፏል። ሁለት ዘፈን ዝም ማለት ብቻ ነበር የቀረው፤ ዝምታ ደግሞ ሙያው ነው።

ያን ጊዜ ገና ወለሉ ላይ የነበረችው ፕሮቪደንሲያ በተጠላለፈው ምት ተደናቀፈች። ወንድሜ ደግፎ አስቀመጣት። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ "ምነው እግሬ! አለቀልኝ እኮ! በቃ አረጀሁ!" ብላ አለቀሰች።

ቴዮ ተነሣና መድረክ ላይ ወጣ። እንጨቶቹን ከዘፋኙ ነጥቆ የኔልሰን ጆሮ ሥር ይመታ ጀመር።

"ልጄ፣ 'አንድ'ን ተዋት። ቅደማትና ዝም በል።"

"ወረቀቱ ላይ ግን..."

"ወረቀት አይጨፍርም! እግራቸውን እይ!"

መጥፎ ዕድል ሆኖ ልጁ ደደብ አልነበረም። አራት ዙር አልፈጀበትም። ቤዙ ቦታውን ሲያገኝ አዳራሹ ብድግ አለ። ፕሮቪደንሲያም እንባዋን በመሐረብ ጠርጋ ተነሣች፤ ጨፈረች። ዊልፍሬዶ ማይኩን ያዘና፣ "ለአዲሱ ቤዝ ተጫዋቻችን አጨብጭቡለት!" አለ። አጨበጨቡለት።

ከመድረክ ጀርባ ቴዮን አንገቱን ያዝኩት። "አንተ ቂል! አሸንፈህ እኮ ነበር!"

"እግሯ የከዳት መስሏት ነበር" አለኝ።

"ታዲያ 'ልጁ ነው ያደናቀፈሽ' አትላትም?"

"'ሊያጽናናኝ ብሎ ነው' ትላለች። መጨፈር ነበረባት።"

ተናድጄ ግድግዳውን በእርግጫ መታሁ። ያነከስኩት እኔ ነኝ፤ ግድግዳው ደህና ነው።

ከዚያ ወዲያ ቴዮን የጠራው ባንድ የለም። ትምህርት ቤት ይጠርጋል። እሁድ እሁድ ግን አይቀሩም፤ ፕሮቪደንሲያ በኔልሰን ቤዝ ስትጨፍር ትውላለች። ሰው ባልሽ ለምን አቆመ ብሎ ሲጠይቃት፣ "ምን ያድርግ፣ አረጀ። ጣቶቹ እምቢ አሉት" ትላለች ከልቧ አዝና። እሱም አጠገቧ ተቀምጦ፣ "አዎ፣ እምቢ አሉኝ" እያለ ጣቶቹን ከጠረጴዛው ሥር ይደብቃል።